መዳብ ላይ ያረፈ ወርቅ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ በሚሰፋባቸው ሼዶች፣ ላይኑ ላይ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትንሹ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ መስፋት ነው። ሠራተኞቹ ሌብል ይሏታል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የአንገቱ ስፌት ሲዘጋ ለሁለት ታጥፋ ልክ መሀል ላይ ትገባለች፤ መርፌው ወደፊት ሄዶ፣ ጥቂት ወደኋላ ተመልሶ ክሩን ያስራል፤ የተረፈው ክር በመቀስ ይቆረጣል። ጊዜው የሰከንዶች ነው። ሌብሏ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለች ወይም ፊደሏ ከተገለበጠ ግን ኳሊቲ የምታየው ልጅ ምልክት ለጥፋ ልብሱን ትመልሰዋለች። ስፌቱ ይፈታል፣ እንደገና ይሠራል። ጨርቁ ምንም እንከን የለበትም፤ ቀለሙም፣ ልኩም ደህና ነው። የተመለሰው ለዚያች ቁራጭ ሲባል ብቻ ነው፤ የአገር ስም ተሸክማለችና።

ሌብሏ ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል። ልብሱን የሚገዛው ሰው ባሕር ማዶ ስላለ፣ ስማችን የተጻፈው እሱ በሚያነበው ቋንቋ ነው። በትንሽ ነገር ላይ የአገርን ስም በገዢው ቋንቋ ጽፎ መላክ እኛ ዘንድ የቆየ ሥራ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ270 እና በ300 መካከል እንዱቢስ የሚባል የአክሱም ንጉሥ የወርቅ ገንዘብ አስመታ። በገንዘቡ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው፤ እንዱቢስ የአክሱማውያን ንጉሥ መሆኑን ይናገራል። ክብደቱ 2.7 ግራም ያህል ነው። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚመቱ መንግሥታት ጥቂት ነበሩ፤ ሮም፣ ፋርስ፣ በሰሜን ሕንድ የኩሻን ነገሥታት፣ ከእነሱም ጋር አክሱም።

ስለ አክሱም ገንዘብ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ነገሥታቱ ስምና ተራ ነው። ገንዘቡ ባይኖር የብዙዎቹን ስም እንኳ አናውቅም ነበርና ይህ ተገቢ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የእጅ ሥራው ነው። ከሥራዎቹም ሁሉ የሚበልጥብኝ መዳቡ ላይ ያለው ነው፤ ወርቁን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ መዳቡን አልፎት ይሄዳል። ስለ መዳቡ ለመናገር ግን አስቀድሞ በግሪክ ከተሞች በኩል ማለፍ ያስፈልጋል። ትንሽዬ ብረት የአንድን ከተማ ፊት እንድትይዝ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ በሚኬኔና በፒሎስ የነበሩት ታላላቅ ቤተ መንግሥታት ተቃጠሉ፤ ጽሕፈታቸውም አብሮ ጠፋ። በፒሎስ እሳቱ ጠብሶ ያቆያቸው የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ሱፍ የሚፈትሉና ጨርቅ የሚሸምኑ ሴቶች ከነልጆቻቸው በቡድን በቡድን ተቆጥረው፣ የሚሰፈርላቸው ስንዴና በለስ ተመዝግቦ ይገኛል። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም፤ የልብስ ሠራተኛ መዝገብ ይህን ያህል ዕድሜ አለው። ቤተ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በዚያ ምድር የሚጽፍ ጠፋ። በ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ግሪኮች ከፊንቄ ነጋዴዎች ፊደል ወሰዱ፣ አናባቢም አበጁለት። የእኛም ፊደል በደቡብ ዓረብ በኩል ዞሮ ወደዚያው ጥንታዊ ምንጭ ይደርሳል።

ተራራና ባሕር በሚከፋፍለው በዚያ አገር፣ አንድ ንጉሥ ሁሉን ጠቅልሎ የሚገዛበት ዘመን ቶሎ አልተመለሰም። በምትኩ እያንዳንዱ ሸለቆና ወደብ የራሱን ከተማ፣ ከተማውም የራሱን ሕግ አወጣ። በየዘመኑ የነበሩት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ1,000 ይበልጣሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ወረዳ አይሰፉም። ሕጋቸውን ድንጋይ ላይ ጽፈው ሰው በሚያየው ቦታ አቆሙት። በቀርጤስ ደሴት ድሬሮስ በምትባል ከተማ የተገኘው የ7ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ፣ ከፍተኛውን ሹመት የያዘ ሰው አሥር ዓመት ሳይሞላው ያንኑ ሹመት ደግሞ እንዳይይዝ ይከለክላል። በዚያው ዘመን አካባቢ በእኛ ምድር የሐ ላይ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ይታነጽ ነበር፤ ጥርብ ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ ምላጭ በማያስገባ ልክ የተገጠመ። ሁለቱም ምድሮች በድንጋይ እየጻፉና በድንጋይ እየገነቡ ራሳቸውን ያቋቁሙ ነበር።

ገንዘብ መምታት የጀመረው በግሪኮች ጎረቤት በልድያ ነው፤ ግሪኮቹ ፈጥነው ተቀበሉት። ኤጊና ኤሊ መረጠች። ቆሮንቶስ ክንፍ ያለው ፈረስ መረጠች። አቴና ጉጉት መረጠች። የአቴናው ባለ አራት ድራህማ ብር ከ17 ግራም ትንሽ ይበልጣል፣ ብሩም ከላውሪዮን ማዕድን የወጣ ነው። አንደኛው ገጽ ላይ የአቴና አምላክ ራስ በጎን ይታያል፤ ዓይኗ ግን በጎን አይደለም፣ ፊት ለፊት እንደሚያይ ሰው ዓይን ሙሉውን ተቀርጿል። በሌላው ገጽ ጉጉቷ ጎኗን ሰጥታ ቆማ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራለች፤ ከኋላዋ የወይራ ቅጠል፣ ከፊቷ የከተማዋ ስም ሦስት ፊደላት። የቀራጮቹ ጥበብ ገፍቶ፣ ዓይንን በትክክለኛው ጎኑ መቅረጽ ከተቻለ በኋላ እንኳ አቴናውያን ያቺን የድሮ ዓይን ለብዙ ዘመን አልለወጧትም። ገበያው ገንዘቡን የለመደው በእሷ ነው። ሠራተኛው የሚችለውን ትቶ ገበያው የሚያምነውን የሠራበት ቦታ ነው፤ ይህ ራሱ ጥበብ ይመስለኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሜታፖንቲዮንን ነው። ይህች በደቡብ ኢጣልያ የተቆረቆረች የግሪክ ከተማ ናት፤ ሀብቷ እርሻ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ባስመታችው ብር ላይ አንድ የገብስ ዛላ ብቻ አለ። ፍሬዎቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፣ ከየፍሬው ቀጭን ጢሙ ወጥቷል። ገንዘቡን ገልብጡት፤ ያው ዛላ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይታያል። ጥፍጥፉ ብር በሁለት ማኅተም መካከል ገብቶ፣ አንዱ ሲያብጥ ሌላው እንዲሰምጥ ሁለቱ ብረቶች በትክክል መገጣጠም ነበረባቸው። መዶሻው ሲያርፍ አንዱ ትንሽ ቢዞር ሥራው ይበላሻል። ገብስ የምታበቅል ከተማ በገብሷ ኮራች፤ ኩራቷንም በልኩ የሚሠራ እጅ አገኘች። በኋላ፣ በ5ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በሲራኩስ ኪሞንና ኤዋይኔቶስ የሚባሉ ቀራጮች ስማቸውን በገንዘቡ ላይ እስከመቅረጽ ደረሱ፤ ኪሞን በገንዘቡ ላይ ባለችው ሴት የፀጉር ማሰሪያ ላይ፣ ፈልጎ ላልመጣ ዓይን በማይታይ ፊደል። የአክሱሙን ቀራጭ ስም ግን አናውቅም። ሥራውን ብቻ ነው የተወልን።

ግሪክኛ ወደ ቀይ ባሕር የመጣው በንግድ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ የግብጽ በጥሊሞሳውያን ዝሆን ፍለጋ መርከብ ይልኩ ነበር፤ የበጥሊሞስ ሦስተኛውን ድል የሚናገር የግሪክኛ ጽሑፍ በቀይ ባሕሩ ወደብ በአዱሊስ ቆሞ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዘመን በዓይኑ አይቶ ገልብጦታል። በ1ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የሚባለው የነጋዴዎች መምሪያ፣ በዚያ አካባቢ የሚገዛው ዞስካሌስ ገንዘብ ላይ ጥብቅ መሆኑን ከነገረን በኋላ የግሪክ ጽሕፈት የተማረ መሆኑን ይመሰክርለታል። ስለዚህ እንዱቢስ ግሪክኛን ሲመርጥ በቤተ መንግሥቱም በወደቡም የታወቀ ቋንቋ ነው የመረጠው። ንጉሥ ኢዛናም በኋላ ድሉን በድንጋይ ሲያስጽፍ ግሪክኛውን ከግዕዝና ከሳባ ፊደል ጋር አቁሞታል።

አሁን ወርቁን ቀረብ ብለን እንየው። የእንዱቢስ ወርቅ በሁለቱም ገጽ የንጉሡ የጎን ምስል አለው። ራሱ ላይ ያለው ዘውድ አይደለም፤ ከራሱ ጋር ተጣብቆ የታሰረ ጨርቅ ነው፣ ከኋላ ቋጠሮው ይታያል። ከላይ ጨረቃና ክብ አለ። በእርሱ እግር የተተካው አፊላስ አንድ ትልቅ ነገር ለወጠ። በአንዱ ገጽ ከፍ ያለ ዘውድ ደፋ፤ በሌላው ገጽ ያንኑ የራስ ጨርቅ እንዳሰረ ቀረ። ያው ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ። ምስሉንም ሁለት የእህል ዛላዎች ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ወርቃቸውን ያለ ዛላ አላስመቱም ማለት ይቻላል። ሮማውያን ወርቅ ላይ የድል አምላክ ወይም ወታደር ይቀርጹ ነበር። አክሱም አዝመራ ቀረጸ። ከሜታፖንቲዮን የተማሩት አይመስለኝም፤ በመካከላቸው ስምንት መቶ ዓመት አለ። በእርሻው የሚያድር አገር ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ሆኖ ነው።

ዛላዎቹን የምታደንቋቸው ስፋቱን ስታስቡ ነው። ገንዘቡ በሙሉ ዳር እስከ ዳር 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያ ውስጥ የንጉሡ ራስና ትከሻ፣ የዘውዱ ጫፎች፣ በእጁ የያዘው ነገር፣ ሁለቱ ዛላዎች፣ በዙሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ደግሞ የተቀረጸው ተገልብጦ ነው፤ ቀራጩ ማኅተሙን ሲፈለፍል ቀኙን ግራ፣ እብጡን ጎድጓዳ አድርጎ ያስባል። ዛላው ላይ ፍሬው በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ አጎንብሶም ወደ ትከሻው ዙሪያ ይጠማዘዛል፣ በክቡ ጠርዝ ልክ። ቦታ ያነሰው ቀራጭ ያደረገው አይመስልም። ቦታውን አስቀድሞ ያወቀ እጅ ነው።

በኢዛና ዘመን ጨረቃው ወርዶ መስቀል ወጣ፤ መስቀል ከተቀረጸባቸው የዓለም የመጀመሪያ ገንዘቦች መካከል የእሱ ይቆጠራል። ወርቁም ቀለል ብሎ ወደ 1.6 ግራም ወረደ፣ ሮም በቆስጠንጢኖስ ዘመን ካደረገችው ለውጥ ጋር እየተስማማ። ጽሑፉ ግን ግሪክኛ ሆኖ ቀጠለ። ወርቅ ላይ ግዕዝ በመጻፍ የሚታወቀው ወዜባ የሚባለው ንጉሥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወርቁ መንገደኛ ነበር። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ተገኝቷል። በየመን አል ማዳሪባ በሚባል ቦታ ከተገኘው ክምችት ውስጥ 868 የአክሱም ወርቆች ነበሩ፣ ከ326 የሮም ወርቆች ጋር ተቀላቅለው። ነጋዴው እጁ ላይ ሲያስቀምጠው የሚያነበውን ነገር ማግኘት ነበረበት።

እዚህ ላይ ለሥራው እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በ6ኛው መቶ ዘመን የተመቱት ወርቆች ላይ ግሪክኛው እየተበላሸ ይሄዳል። ፊደል ይዘለላል፣ ይገለበጣል፣ ክቡ መስመር ይሆናል። ቀራጩ ከፊቱ ያለውን አሮጌ ገንዘብ እያየ የማያነበውን ይገለብጥ እንደነበር መስመሩ ራሱ ይናገራል። በዚያው ዘመን በመዳቡ ላይ የሚጻፈው ግዕዝ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እጁ አልደከመም ማለት ነው። ዓይኑ ቋንቋውን ሲያውቅ እጁም ያውቃል።

መዳቡ የአገር ውስጥ ነው። ከአክሱም ግዛት ብዙም አይወጣም፤ እህል፣ ጨው፣ ማድጋ የሚገዛበት ገንዘብ ነው። አፊላስ ነው መዳብ ማስመታት የጀመረው። ጽሑፉ መጀመሪያ ግሪክኛ ነበር፣ እያደር ወደ ግዕዝ ዞረ። በ4ኛው መቶ ዘመን በተመቱት ላይ የንጉሡን ማዕረግ ተከትሎ አንድ ያልተለመደ ነገር ይነበባል፤ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል። የሮም ገንዘብ ስለ ቄሣሩ ድል ይናገር በነበረበት ዘመን፣ የአክሱም መዳብ ለሚይዘው ሰው ደስታ ይለምናል። በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአርማሕ መዳብ ላይም ይኸው መንፈስ በግዕዝ አለ፤ ለሕዝቡ ደስታ ይሁን ይላል።

ንግግሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ንግግር ነው ብለን ባለፍን። ሥራው ግን አብሮት አለ። የወዜባስን መዳብ (ከወርቁ ወዜባ ሌላ ሰው ነው) ገልብጣችሁ እዩት። የንጉሡ ራስ በመካከል ነው፣ የራስ ጨርቁን አስሮ። በራሱ ዙሪያ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ፣ ከአፍንጫውና ከአገጩ ፊት፣ ከማጅራቱም ኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ወርቅ ተነጥፏል። እውነተኛ ወርቅ፣ ስስ ሆኖ። መዳቡ ጠቁሮ ወርቁ ሲያበራ ንጉሡ ከብርሃን ውስጥ ብቅ ያለ ይመስላል። በሌሎቹ መዳቦች ላይ ደግሞ ወርቁ የሚቀመጠው መስቀሉ መካከል ነው፤ አንዲት ነጥብ ያህል ብቻ። ይህ ሥራ በአፊላስ ብር ላይ ጀምሮ እስከ ገንዘቡ ዘመን ማብቂያ ድረስ ዘልቋል። በጥንቱ ዓለም ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ የወርቅ ሥራ ከአክሱም በቀር የትም አይታወቅም። አቴና አላደረገችውም፣ ሲራኩስ አላደረገችውም፣ ሮምም አላደረገችውም።

ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አስቡት። መምታት ፈጣን ነው፤ አንድ ሰው ጥፍጥፉን ያስቀምጣል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል፣ ወጣ፣ ቀጣዩ። ወርቁ ግን በመዶሻ አይወጣም። እያንዳንዱ ቅንጣት ለየብቻው በእጅ ይያዛል፤ ወርቁ በልኩ ይቀመጥበታል፣ ከፊቱ ጠርዝ ሳያልፍ ይለጠፋል፣ ይወለወላል። 1 ግራም ገደማ በሆነ መዳብ ላይ። ድካሙ ከገንዘቡ ዋጋ ይበልጥ እንደነበር አልጠራጠርም። ትርፍ የሚያሰላ ሰው ይህን ሥራ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስቀረው፤ አክሱም ግን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሠራችው።

እኛ ዛሬ አንድን ዕቃ ማድነቅ ስንፈልግ «ኤክስፖርት ስታንዳርድ ነው» እንላለን። በመርካቶም ሆነ በቦሌ የልብስ ሱቆች ሻጩ ሸሚዙን ዘርግቶ የሚምልበት ቃል ይኸው ነው። ቡናውም እንዲሁ፣ ቆዳውም እንዲሁ፤ የተመረጠው ይወጣል፣ የቀረው ለእኛ ነው ብለን ከተቀበልነው ቆይተናል። በቦሌ ለሚ ላይን ላይ የምትሠራዋ ልጅ እጅ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ባሕር ማዶ ላለው ሰው ልብስ የተዘጋጀ ነው። እጇን አደንቃለሁ፤ ያቺ ሌብል ያለ ዝንፈት መሀል ላይ የምትውለው በእሷ ዓይን ነው። የአክሱም ሥራ ቤት ግን ተጨማሪውን ድካም ያኖረው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ሕንድና ወደ የመን የሚሄደው ወርቅ ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ አደረገ፤ ክብደቱን ጠበቀ፣ ቋንቋውን ጻፈ፣ ዛላውን ቀረጸ። ማንም ያልጠየቀውን፣ ሌላ አገር ያላሰበውን ግን በገበያዋ ሴት መዳብ ላይ ጨመረ።

ሁሉም መዳብ ድንቅ ነው አልልም። ብዙዎቹ ከመሀል ወጥተው የተመቱ ናቸው፤ ግማሹ ፊደል ከጠርዙ ውጭ የቀረባቸው አሉ፤ የመጨረሻዎቹ ነገሥታት መዳብ ላይ ፊቱ በጥቂት ጭረት ብቻ የተሠራበት ጊዜ አለ። የአርማሕ መዳብ ግን ያን ሁሉ ይክሳል። ንጉሡ እንደ ቀደሙት በደረቱ ብቻ አልታየም፤ ሙሉ ሰውነቱ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፣ የወንበሩ ጀርባ ከፍ ብሎ ይታያል፣ በእጁ ረጅም መስቀል ይዟል። የመንግሥቱ ኃይል እየሳሳ፣ የቀይ ባሕር ንግድ ወደ ሌላ እጅ እየዞረ በነበረበት ሰዓት አዲስ ምስል ፈጠሩ፤ የፈጠሩትም ለትንሹ ገንዘብ ነው።

አክሱም ዙሪያ ዛሬም ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው እርሻ ላይ የሚገኘው መዳቡ ነው። ወርቁ በየአገሩ ሙዚየም ገብቶ በየመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ይወጣል። የእኛ የትምህርት ቤት መጻሕፍትና የሙዚየም መስኮቶች መጀመሪያ የወዜባስን መዳብ እንዲያሳዩ እመኛለሁ፤ ጎልቶ፣ ገጹ ተገልብጦ፣ ከጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን። መብራቱ ከላይ ከሆነ መዳቡ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከጎን ከሆነ ግን ወርቁ የት እንደሚጀምርና የሠራተኛው እጅ በንጉሡ አገጭ ሥር የት ላይ እንደቆመ በግልጽ ይታያል።